«ስምህ ማን ነው?» ከሴኡል እስከ እንጦጦ

የዚህ ወር ጨዋታችን ትንሽ ያስፈራል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብታነቡት ይሻላል። የምናወራው ርኩስ መንፈስ ስለማስወጣት ስለሚተርኩ የኮርያ አስፈሪ ፊልሞች ነው። አይዟችሁ፣ የፊልም ሂስ ልጽፍላችሁ አይደለም። ፊልሙን መነሻ አድርገን ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን። «መንፈስ ያዛት» የሚለውን ነገር ኮርያውያን ትኬት ቆርጠው ሲያዩት፣ እኛ ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ አንዳንዴም ከገዛ ጓዳችን እንሰማዋለንና።

ሁለት መነኮሳይያትና አንድ ሐኪም

በጥር 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 2025) ኮርያ ውስጥ «ዳርክ ነንስ» የተባለ ፊልም ወጣ። ዳይሬክተሩ ኩዎን ህዮክ-ጄ ሲሆን፣ ዋናዋ ተዋናይት ደግሞ ከ«ፉል ሃውስ» እና ከ«ዘ ግሎሪ» ድራማዎች የምታውቋት ሶንግ ሄ-ክዮ ናት። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሂ-ጁን የተባለ ልጅ በጽኑ ታሟል። እህት ጁኒያ የተባለችው መነኩሲት «ልጁን የያዘው መንፈስ ነው» ትላለች። አባ ፓውሎ የተባለው ካህን ግን የአእምሮ ሐኪምም ስለሆነ «ልጁ በሕክምና ይድናል» ይላል። በሁለቱ መካከል ደግሞ የእሱ ተማሪ የሆነች ሌላ መነኩሲት አለች፤ ሐኪምም ናት፣ በልቧ ግን ሌላ ነገር ደብቃለች።

ችግሩ ግልጽ ነው። በቤተ ክርስቲያኗ ሕግ መነኩሲት መንፈስ የማስወጣት ሥልጣን የላትም። የተፈቀደለት ካህን እስኪመጣ ቢጠበቅ ልጁ ያልቃል። ጁኒያ ሕጉን ትጥሳለች። ይባስ ብላ የኮርያ ባህላዊ መንፈስ ጠሪዎች ዘንድ ትሄዳለች። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ለማየት ያሰባችሁ ትቀየሙኛላችሁ።

ይህ ፊልም ታላቅ ወንድም አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ፕሪስትስ» በኮርያ ሲኒማ ቤቶች ከ5 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጧል። ዳይሬክተሩ ጃንግ ጄ-ህዩን ሲሆን፣ ይኸው ሰው በ2024 እ.ኤ.አ. ስለ መቃብርና ስለ ክፉ መንፈስ የሠራው «ኤግዙማ» ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል። ልብ በሉ፣ ኮርያ ማለት ሳምሰንግና ሂዩንዳይ የሚመረቱባት፣ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት ኢንተርኔቶች አንዱ ያለባት አገር ናት። ቴክኖሎጂው መንፈሱን አላባረረውም ማለት ነው!

ሙዳንግ እና ባለዛር

እነዚህን ፊልሞች ያየ ኢትዮጵያዊ «ይሄን ነገር የት ነው የማውቀው?» ማለቱ አይቀርም። ምክንያቱ ሙዳንግ ናት። ሙዳንግ ማለት በኮርያ ከመናፍስት ጋር የምትነጋገር ባለሙያ ናት፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። የምትመራው ሥርዓት «ጉት» ይባላል። ከበሮ ይመታል፣ ደማቅ ልብስ ይለበሳል፣ ይጨፈራል፣ ምግብና ገንዘብ ይቀርባል፣ ከመንፈሱ ጋር ድርድር ይደረጋል።

ይበልጥ የሚገርመው አንዲት ሴት ሙዳንግ የምትሆንበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ትታመማለች። እንቅልፍ ታጣለች፣ ምግብ ይዘጋባታል፣ ድምፅ ትሰማለች። ሐኪም ምንም አላገኘሁም ይላታል። ኮርያውያን ይህንን «ሺንብዮንግ» ማለትም የመንፈስ ሕመም ይሉታል። ሕመሙ የሚለቃት መንፈሱን አባርራ ሳይሆን ተቀብላ፣ ራሷም ሙዳንግ ስትሆን ነው ተብሎ ይታመናል።

አሁን የእኛን ዛር አስቡ። ሰው ይታመማል፣ መድኃኒት ይጠፋለታል፣ ባለዛር ዘንድ ይወሰዳል። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሽቶ ይረጫል፣ ከበሮ ይመታል። ታማሚዋ ማጓራት ትጀምራለች፤ ዛሩ በአንደበቷ ይናገራል፤ የሚፈልገውን ዶሮ ከነቀለሙ ይጠይቃል። ዛሩ ጋላቢ፣ ታማሚዋ «የዛር ፈረስ» ትሆናለች። ውሉ ከተፈጸመ ዛሩ ይታረቃታል እንጂ ጥሏት አይሄድም። ከጊዜ በኋላም እሷው የሌሎች አካሚ ልትሆን ትችላለች። በሴኡልና በጎንደር መካከል ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንዳለ አስቡት፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

የዛርን አመጣጥ የሚናገር አንድ ተረትም አለን። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ሊጎበኛት ሲመጣ፣ እንዳይወሰዱባት ብላ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀች። እሱም «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ። እነዚያ የማይታዩት ዛሮች ሆኑ፤ የሚታዩት ወንድሞቻቸው ደግሞ እኛ ነን። ተረቱን በወላጅ ዓይን ሳየው ልብ ይነካል። ከቤት የደበቅነው ነገር ተመልሶ ያንኑ ቤት ያስጨንቃል የሚል ይመስላል።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ወራት ተቀምጦ መልካም አየሁ የተባሉ ታዋቂ ባለዛር ቤት እየዋለ ያየውን ሁሉ ጽፏል። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ዛርን ከቲያትር ጋር አነጻጽሮታል። «ማስመሰል ነው» ማለቱ ግን አይደለም። የሚኖሩት ቲያትር ነው ማለቱ ነው፤ ተዋናይዋ እየተወነች መሆኗን ሳታውቅ በእውነት የምትታመምበትና በእውነት የምታገግምበት። በዚያው በ1958 ስለ ኢትዮጵያ ዛር የጻፈው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ ሌላ ነገር አስተውሏል። በቤቷ የሚሰማት ያጣች ሚስት ዛሯ ሲነሳ ትሰማለች። አዲስ ቀሚስ የጠየቀችው እሷ ብትሆን ባል ይቆጣል፤ የጠየቀው ዛሩ ከሆነ ግን ባል ይገዛል።

እዚህ ላይ ፈገግ ያላችሁ ባሎች ትኖራላችሁ። እኔ ግን በቁም ነገር ልጠይቃችሁ። ሚስታችሁ፣ እህታችሁ፣ ልጃችሁ የልቧን ለመናገር መንፈስ የሚያስፈልጋት ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው?

ስም መጠየቅ፣ ስም መጥራት

በ«ዘ ፕሪስትስ» ውስጥ ካህኑ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ስምህ ማን ነው?» የሚል። ስሙን ካወቀ ያሸንፈዋልና። ይህ ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የመጣ ነው። ሌጌዎን የተባለው ርኩስ መንፈስ ስሙን ከተጠየቀ በኋላ ወደ እሪያዎች የገባበትን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊልሙም አሳማውን አልረሳውም፤ መንፈሱ የሚታሰርበት ትንሽ አሳማ አለ፣ ወደ ሃን ወንዝ የሚደረግ ሩጫም አለ።

በጠበል ቦታም ጥያቄው ይኸው ነው። «ማን ነህ? ከየት ያዝካት? መቼ ትለቃለህ?» ይባላል። በፕሮቴስታንት የፈውስና የነጻ ማውጣት ፕሮግራሞችም እንዲሁ። ጌዴኦ ዞን አብዛኛው ሰው የወንጌል አማኝ በመሆኑ፣ እኛ አካባቢ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት በድምፅ ማጉያ ነው።

ጥያቄው አደገኛ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ፤ የመንፈሱ ስም ቀርቶ የሰው ስም ሲጠራ። «ቡዳ በላው» ሲባል ታማሚው «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ የአንድ ጎረቤት ስም ይወጣል። በአብዛኛው የሚወጣው የማን ስም ነው? ሸክላ የምትሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ከሌላ አገር የመጣው። በእጃቸው ሙያ የኖሩ ወገኖቻችን ለዘመናት ከጋብቻና ከማዕድ የተገለሉት በዚህ ዓይነት ወሬ ጭምር ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የና ሆንግ-ጂን ፊልም «ዘ ዌይሊንግ» በትክክል ይህንን ይነካል። አንድ የገጠር መንደር በማይታወቅ በሽታና ግድያ ይታመሳል። ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው በጫካ ብቻውን ወደሚኖር አንድ ጃፓናዊ ነው። አባትየው ፖሊስ ነው፤ ልጁ ስትታመምበት የሚያምነውን ያጣል። የሰማውን ወሬ ሁሉ ይከተላል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ሲያልቅ ከመንፈሱ ይልቅ የሚያስፈራችሁ የአባትየው ጥርጣሬ ይሆናል።

«ከት» የሚል በሌለበት

ፊልም ላይ ዳይሬክተሩ «ከት!» ሲል ሁሉም ይነሳል፣ ሜካፑ ይታጠባል፣ ሻይ ይጠጣል። በእውነተኛው ሕይወት «ከት» የሚል የለም።

በዲሴምበር 2015፣ «ዘ ፕሪስትስ» ሲኒማ ቤት በገባ በወሩ ማለት ነው፣ ጀርመን ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል አንዲት የ41 ዓመት ኮርያዊት ሞታ ተገኘች። የገደሏት የገዛ ዘመዶቿ ነበሩ፤ መንፈስ እናስወጣለን ብለው ለሰዓታት ይዘዋት፣ መትተዋት፣ አፏን አፍነውባት። ከተከሳሾቹ መካከል ገና ልጅ የሆነው ወንድ ልጇ ይገኝበታል። ፍርድ ቤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ዋናዋን ተከሳሽ በ6 ዓመት እስራት ቀጣ። ከጠላት እጅ ሳይሆን ከሚወዷት እጅ የመጣ ሞት ነው።

በዚያችው በጀርመን ከዚህ 40 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አኔሊዜ ሚሼል የተባለች ተማሪ ነበረች። የሚጥል በሽታ እንዳለባት በሐኪም ተነግሯት መድኃኒት ወስዳለች። በኋላ ቤተሰቧ መንፈስ ነው ብሎ ወደ ካህናት ወሰዳት። በወራት ውስጥ 67 ጊዜ የማስወጣት ጸሎት ተደረገላት። ምግብ እያቆመች ሄደች። በጁላይ 1976 በ23 ዓመቷ ስታርፍ ክብደቷ 31 ኪሎ ገደማ ነበር። ወላጆቿና ሁለቱ ካህናት በ1978 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባሉ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ራሱ ያለ ጳጳስ ፈቃድ ማንም ይህን ሥርዓት እንዳይፈጽም ይከለክላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የተሻሻለ ሥርዓትም የአእምሮ ሕመምን ከመንፈስ መለየት እንደሚያስፈልግና የሕክምና ባለሙያ መጠየቅ እንደሚገባ ያሳስባል። በ«ዳርክ ነንስ» ያያችሁት የካህንና የሐኪም ክርክር ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ጠበሉም መድኃኒቱም

ወደ አገራችን እንምጣ። ባለፈው የቡና ወቅት ለሥራ ወደ ኢዲዶ ሄጄ ነበር። ኢዲዶን ለማታውቁ፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ያለች፣ ስሟ በውጭ አገር የቡና ከረጢት ላይ የሚጻፍ አካባቢ ናት። ማታ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋው ከተሸፈነ በኋላ፣ ወጣት ሠራተኞቹ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው በአማርኛ የሚተረክ የኮርያ ፊልም ያያሉ። ልጅቷ ትጮኻለች፣ ካህኑ ይጸልያል። ቡና ሲለቅሙ የዋሉ አንዲት እናት ከኋላ ቆመው አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄንንም ለማየት ገንዘብ ይከፈላል?» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። የእህታቸው ልጅ ይጥለው ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ጀምሮ፣ ለወራት ሳይጥለው ከረመ። ከዚያ አንድ አገልጋይ «እምነት ካላችሁ ክኒኑን ጣሉት» አላቸው። ጣሉት። ልጁ በሳምንቱ እሳት አጠገብ ወደቀ። «አሁን እጁ አይዘረጋም» አሉኝ።

ይህ ነው እንግዲህ የእኛ አስፈሪ ፊልም። ጭራቅ የለበትም፤ የተጣለ ክኒን ብቻ ነው ያለበት።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአግባቡ መድኃኒት ካገኙ ከ100 ታማሚዎች 70 ያህሉ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ዋናው አደጋ መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ነው። ይህን ማወቅ እምነትን አይነካም፤ ልጅን ግን ከእሳት ያድናል።

በሶዶ ወረዳ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሰንሰለት ስለሚያስሩ ቤተሰቦች ይናገራል። ቤተሰቦቹ ጨካኞች አይደሉም። ሕክምናው ሩቅ ወይም ውድ ነው፤ ልጃቸው እንዳይጠፋ፣ ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ይፈራሉ። እያለቀሱ ነው የሚያስሩት። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። እና ከዚያ በፊት ሰው ወዴት ይሂድ? ወደ ጸሎት፣ ወደ ጠበል፣ ወደ ባለዛር ሄደ። በር የከፈተለት እዚያ ያለው ብቻ ነበርና።

ስለዚህ ጠበልን «ኋላ ቀርነት» እያሉ ማጣጣል ፍትሕም ጥበብም አይደለም። እንጦጦ ማርያም ጠበል ሰው የሚያገኘው ውኃ ብቻ አይደለም። የሚያጽናና ቃል፣ አብሮ የሚታመም ሰው፣ ተስፋ ያገኛል። መሆን ያለበትን ደግሞ ራሷ እንጦጦ አሳይታናለች። በ1999 ዓ.ም. (2007 እ.ኤ.አ.) አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፣ ይህም ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ ተናገሩ። ከዚያ በኋላም በዚያው በእንጦጦ የአእምሮ ሐኪሞች ከጠበሉ አገልጋዮች ጋር ተባብረው ሕሙማንን ሲረዱ ቆይተዋል፤ ሥራው በ2021 እ.ኤ.አ. በጥናት መልክ ታትሟል። አጥማቂው ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ይልካል፤ ሐኪሙም «ጠበልህን ተው» አይለውም።

እኛ ጌዴኦዎች ይህ ትብብር ለምን እንደሚያስፈልገን ማስረዳት አያሻኝም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል። ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ፣ ከሰው የሚሸሽ ሰው ሁሉ መንፈስ አልያዘውም። አንዳንዱ ያየው ነገር ነው ያልለቀቀው። ለእሱም ስም አለው፤ ሕክምናም አለው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ሌላ ከተማ ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ካለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ፍርሃት ይሸጣል

አሁን ስለ ራሴ ሙያ ላውራ። እኔ በማርኬቲንግ የምተዳደር ሰው ነኝ። ትምህርት ቤትም ሥራ ላይም የተማርኩት አንድ ነገር፣ ሰው ከደስታ ይልቅ ለፍርሃት ቶሎ ዓይኑን እንደሚያዞር ነው። ስለዚህ ከመድረክ ተቀርጾ በዩቲዩብና በቲክቶክ የሚለቀቅ የ«መንፈስ ሲወጣ» ቪዲዮ ሳይ፣ እንደ አማኝ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለሙያም አየዋለሁ። ርዕሱ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የልጅቷ ፊት በጣም በተዛባበት ሰከንድ ላይ ምስሉ ቆሟል። «እስከ መጨረሻው ይመልከቱ» ይላል። ይህንን እኛ ኮንቴንት እንለዋለን። ጥሬ ዕቃው ግን የሰው ሕመም ነው።

በ«ዘ ፕሪስትስ» መንፈስ የያዛትን ልጅ ሆና የተጫወተችው ፓርክ ሶ-ዳም ለዚህ ሚና ፀጉሯን ተላጭታለች። ውል ፈርማለች፣ ተከፍሏታል፣ ሽልማትም አስገኝቶላታል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኦስካር ባሸነፈው «ፓራሳይት» ላይ አይተናታል። ቪዲዮዋ የተለቀቀባት የእኛዋ ልጅስ? አልፈረመችም፣ አልተከፈላትም፣ አልተጠየቀችም። ስትድን ቪዲዮው አይድንም። ሥራ ስታመለክት፣ ለጋብቻ ስትታጭ፣ ልጆቿ ስልክ መያዝ ሲጀምሩ ይጠብቃታል።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበር መብትን ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። ሕጉ ቢቀር እንኳ፣ የአገራችን ሰው ነውረኛ ነገር ሲያይ ነጠላውን አውልቆ የሚያለብስ ነበር። ዛሬ ነጠላው ቀርቶ ስልክ ወጥቷል። እናንተ ቢያንስ አትቅረጹ። የተቀረጸ ከደረሳችሁም አታጋሩ፤ የማየት ብዛቱ ላይ አንድ እንኳ አትጨምሩ። ገበያው የሚቆመው ገዢ ሲያጣ ነው። ይህንን የምላችሁ ሻጭ ሆኜ ነው።

ለቤታችሁ የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች

መቼም ይህ ዓምድ ባዶ እጃችሁን አይሸኛችሁም። እነዚህን ያዙ።

ሰው ሲጥለው። ክብሪት አታሽትቱ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፣ አትጫኑት። አካባቢውን ከእሳትና ከስለት አጽዱ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ሰዓት ተመልከቱ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል ፍጠኑ።

አራስ ስትለወጥ። በወለደች በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ ያጣች፣ የሌለ ነገር የምታይ፣ ሕፃኑን የምትፈራ ወይም ግራ የተጋባች እናት አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል። ይህ ከ1,000 ወላዶች በ1 ወይም በ2 ላይ የሚደርስ የታወቀ ሕመም ነው፤ ሲታከም ይድናል። «አራስ ብቻዋን አትተውም» የሚለው የእናቶቻችን ደንብ እዚህ ላይ ወርቅ ነው። እሷንም ሕፃኑንም ብቻቸውን አትተዉ።

ዱካክ ሲጫን። ነቅታችሁ መንቀሳቀስ ሲያቅታችሁ፣ ደረታችሁ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለ ሲመስላችሁ፣ አትደንግጡ። በሕልም ጊዜ ሰውነታችን እንዳይንቀሳቀስ ይታሰራል፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ያ እስር ለጥቂት ቅጽበት ይቆያል። ኮርያውያንም ያውቁታል፤ «ጋዊ ተጫነኝ» ይላሉ። እንቅልፍ ያነሰውና የተጨነቀ ሰው ላይ ይበዛል።

ጸሎት ቦታ ስትሄዱ። መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። የሚመታ፣ የሚያስር፣ ምግብና ውኃ የሚከለክል፣ «ክኒኑን ጣሉት» የሚል ወይም ገንዘብ የሚያስቀድም ካለ፣ ሕመምተኛችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። እውነተኛ አገልጋይ በዚህ አይቀየምም።

ልጆችና አስፈሪ ፊልም። እነዚህ ፊልሞች ለልጅ አይሆኑም። በስልክ ተደብቀው ካዩ ግን ከመቆጣት በፊት ጠይቋቸው፤ «ምኑ ነው ያስፈራህ?» በሉ። ሜካፕ እንዴት እንደሚሠራ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚቀላቀል አሳዩአቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲያጠፉ «ዛር ይዞሃል እንዴ?» አትበሏቸው። ልጅ የተሰጠውን ስም ይለብሳል።

ካነሳነው አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ኮርያ ዘምተዋል። ያኔ ኮርያ በጦርነት የፈረሰች፣ ሰዎቿ የሚበሉት ያጡ አገር ነበረች። ዛሬ በቹንቾን ከተማ ለእነሱ መታሰቢያ ቆሞ፣ እኛ ደግሞ ማታ ማታ ሶፋችን ላይ የእነሱን ፊልም እናያለን። ያን ያህል መንገድ የሄደች አገር ዛሬም ሙዳንጎቿን አልጣለችም፤ ሆስፒታሎቿንም አልዘጋችም። የታመመ ሰው ያለበት ቤት የሚረዳውን ሁሉ ይሞክራልና አልፈርድባቸውም። በእኛም ቤት ቢሆን የምለው አንድ ነው፤ ታማሚውን የሚጎዳውን ብቻ አንሞክር።

እንግዲህ ፊልሙን የምታዩ ካላችሁ መብራቱን አብርታችሁ እዩ። ቤታችሁ ውስጥ ዝም ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡ። «ስምህ ማን ነው?» ብላችሁ መንፈሱን ከመጠየቃችሁ በፊት፣ እሱን ራሱን በስሙ ጠርታችሁ «ምን ሆነሃል?» በሉት። መልሱን እስኪጨርስም አታቋርጡት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ጤና ይስጥልን። ቸር ሰንብቱ!